የዮኒስ ብርካ

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ካፊያን በስሟ የሚጠራት ጥቂት ሰው ነው፤ የቀረው "ባለብርካዋ" ይላታል። ብርካ በሱማሌኛ በሲሚንቶ የተለሰነ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። የእሷ ግቢ ውስጥ ያለው ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ግማሹ እስከ ሰው ወገብ ብቅ ያለ፣ አፉ ሰፊ ነው። የሠራው ባሏ ዮኒስ ነበር። ዮኒስ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ጓደኞቹ ጫታቸውን ይዘው በርጫ ሲቀመጡ እሱ አካፋውን ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ሁለት ዓመት ፈጀበት። የመጀመሪያው ውሃ የገባ ቀን የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተና "ባልዲ ያለው ይምጣ!" አለ። ቧንቧ በሳምንት አንዴ፣ ሲብስም በሁለት ሳምንት አንዴ ለሚንጠባጠብበት መንደር ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ብርካው በተሞላ በዓመቱ የዮኒስ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ፤ ሬሳው ነው የመጣው። ልጅ አልነበራቸውም። ለቅሶ የመጡ ሰዎች ካፊያን ሲያጽናኑ "አይዞሽ፣ ሰደቃ ጃሪያ ትቶ ነው የሄደው" አሏት። ሰው ሞቶ ሥራው ሁሉ ሲቋረጥ እሱ የማይቋረጥ ምጽዋት ማለት ነው። የተጠማ ሰው ከዚያ ውሃ በጠጣ ቁጥር ምንዳው መቃብሩ ድረስ ይሄድለታል። ካፊያ ይህን ይዛ ሰባት ዓመት ኖረች። ታይዋን ገበያ ሽቲ ቀሚስና ሻሽ እየሸጠች ትውላለች። ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የጎረቤት ባልዲ ከብርካው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ስትሰማ ግን ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ይረጋጋል። "ደረሰው" ትላለች በሆዷ።

ውሃው ላይ የሚርመሰመሱ ትንንሽ ነገሮች መኖራቸውን ታውቅ ነበር። ማን የማያውቅ አለ? ሰው ባልዲውን ሲያጠልቅ እፍ ብሎ ገለል ያደርጋቸዋል። አንዳንዱማ "ነፍስ ያለበት ውሃ ጤነኛ ነው" ይላል።

አንድ ጥር ላይ፣ ዝናብ ከጠፋ ወራት ባስቆጠረበት፣ የደቻቱ ወንዝ ነጭ አሸዋ ብቻ ሆኖ በተኛበት ሰሞን፣ ሙስአብ የሚባል ልጅ እግር ባለሙያ ወደ መንደሩ መጣ። ትንኝ ከሚያጠና ቡድን ነው። በአንድ እጁ እጀታው የረዘመ ነጭ ጭልፋ፣ በሌላው ክዳን ያላቸው ብልቃጦች የተደረደሩበት ሳጥን ይዟል። ከካፊያ ጋር አጥር በምትጋራው ጎረቤቷ በሃዎ ደጅ ያለውን በርሜል እየጨለፈ ሲያይ ሴቶቹ ከበቡት። ካፊያም ሱቋን ለመክፈት እየወጣች ነበርና ቆመች።

"እዩት" አለ ሙስአብ ጭልፋውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ። "ይሄ የተራ ቢምቢ እጭ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ነው የሚንጠለጠለው። ይሄኛውን ደግሞ እዩ።" ከሳጥኑ አንድ ብልቃጥ አወጣ። "ይሄን ጠዋት ግንባታ ላይ ካለ የውሃ ጉድጓድ ነው ያገኘሁት። አይንጠለጠልም። እንደ ገለባ ውሃው ላይ ተጋድሞ ነው የሚተኛው። ይሄ የወባ ነው።"

"ወባ? በዚህ በጋ?" አለች ሃዎ።

"በዚህ በጋ። ይቺ አዲስ ናት፤ ከእስያ በኩል ነው የመጣችው። የእኛዋ የወባ ትንኝ ዝናብ ጠብቃ፣ ረግረግና ኩሬ ፈልጋ ነው የምትራባው። ይቺ ግን የከተማ ናት። በርሜል ይበቃታል፣ ሮቶ ይበቃታል። ዓመቱን ሙሉ ትፈለፍላለች።"

ካፊያ አላስችል አላት። "ወባ የሚያመጣው የቆሸሸ ውሃ ነው። እኛ ያስቀመጥነው የሚጠጣ ውሃ ነው።"

"ችግሩም እሱ ነው ኤዶ" አላት። ኤዶ በሱማሌኛ አክስት ማለት ነው፤ ልጁ ሱማሌኛ ባይናገርም ሲያድግ የሰማው ቃል ነው። "እሷ የምትወደው ንጹሑን ነው።"

ከዚያ ለሃዎ በርሜል ከኪሱ ትንሽ ዱቄት አውጥቶ በተነበትና ስሟን መዝገቡ ላይ ጻፈ። ዱቄቱ እጩን እንጂ ሰውን እንደማይጎዳ ነገራቸው። ሴቶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ባለፈው ሳምንት ከወዲያኛው መንደር አንድ ብርካ "መድኃኒት ጨምረው ዘጉት" የሚል ወሬ ተወርቶ ነበር። ማን እንዳየ አይታወቅም፤ ወሬው ግን ሁሉም ጋ ደርሷል።

"ቀጣዩ ግቢ የማን ነው?" ሲል ጠየቀ ሙስአብ።

"የእኔ ነው" አለች ካፊያ።

"የውሃ ማጠራቀሚያ አለሽ?"

ካፊያ ኋላ ላይ ስታስበው መልሱን የሰጠው አፏ እንጂ እሷ ራሷ አልመሰላትም። "ነበረኝ። ተሰነጠቀና ደረቀ። ከተውኩት ቆየሁ።"

ሃዎ ቀና ብላ አየቻት። ያን ቀን ማለዳ ራሷ ሁለት ባልዲ ቀድታበታለች። ሌሎቹም ሴቶች ያውቃሉ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሙስአብ ጽፎ አመሰገናቸውና ወደሚቀጥለው በር አለፈ።

ካፊያ ያን ቀን ገበያ መዋል አልሆነላትም። በቀትሩ ሐሩር ሱቋን ዘግታ በባጃጅ ተመለሰች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ብርካው ጠርዝ ላይ ጎንበስ አለች። ዓይኗ የውስጡን ጨለማ እስኪለምድ ጠበቀች። ከዚያ አየቻቸው። ዮኒስ በእጁ በለሰነው ግድግዳ ጥግ ጥግ፣ እንደ ተቆረጠ የስንዴ ገለባ፣ በብዛት ተጋድመዋል። አንዱም አልተንጠለጠለም።

የወጥ ቤት ማጥለያ አምጥታ ጨልፋ አወጣቻቸው። በማግስቱ ሌሎች ነበሩ። በሦስተኛው ቀንም። ለሙስአብ ስልክ ልደውል ብላ አሰበች፤ ቁጥሩን ለሃዎ ትቶላት ሄዷል። ቁጥሩን ስጪኝ ማለት ግን ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ደግሞስ የመንደሩ ሰው "ካፊያ ሄዳ ውሃችንን አስዘጋች" ቢላትስ? የዮኒስ ስም በክፉ ቢነሳስ? ነገ፣ ነገ እያለች ሳምንታቱ አለፉ።

ሃዎ ዊዳድ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ዊዳድ ያደገችው በሁለቱ ግቢ መካከል ነው፤ እናቷንም ካፊያንም "ሆዮ" ነው የምትለው፤ እናቴ እንደማለት። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች። ካሂን የሚባል ባጃጅ ነጂ አግብታ እናቷ ግቢ ባለች ክፍል ይኖራሉ። በዚያ ጥር የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሙቀቱ ሲበረታ ቤት ውስጥ መተኛት ስላልሆነላት ካሂን አልጋቸውን ደጅ፣ ካፊያ አጥር ሥር አወጣላት።

ሙስአብ በመጣ በአራተኛው ሳምንት ዊዳድን ከሥራ ደግፈው አመጧት። መጀመሪያ የፋብሪካው ሙቀት ነው አሉ። ከዚያ አንቀጠቀጣት። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ደርባ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ያየችው ካፊያ ሌሎቹ ከማለታቸው በፊት ምን እንደሆነ አወቀች። ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት ኮሪደሩ ትኩሳት በያዛቸው ሰዎች ተሞልቶ፣ የምርመራ ወረፋው እስከ በሩ ተሰልፎ ነበር። ነርሷ ውጤቱን አይታ አልደነቃትም። "ወባ ነው። ለዛሬ ሃያኛዋ ናት" አለች።

መድኃኒቱ ተጀመረ። ካፊያ ከብርካው ቀዝቃዛ ውሃ እየቀዳች ጨርቅ እየነከረች ግንባሯ ላይ ስታደርግላት ዊዳድ ዓይኗን ሳትገልጥ "ጥሩ ነው ሆዮ፣ ድገሚልኝ" ትላታለች። ካፊያ ትደግምላታለች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲወርድ ጽንሱም አብሮ ወረደ። ወንድ ነበር።

ለልቅሶው የመጡት "የአላህ ቀደር ነው" አሉ። ሃዎም "አልሐምዱሊላህ፣ እሷን አተረፈልኝ" አለች። ካፊያ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። የቀረበላትን ሩዝ ሳትነካው መለሰችው።

ሳምንት እንደዚያ ከረመች። በመጨረሻ የከሰዓቱ የአስር ሰላት ካለቀ በኋላ ሼህ ሙመድን መስጊዱ ጥላ ሥር ጠብቃ ጠየቀቻቸው። የራሷ ነገር መሆኑን አልተናገረችም። "አንድ ሰው ለሰደቃ ብሎ የሠራው ነገር ሰው ቢጎዳ፣ ሟቹ ላይ ይጻፋል?" አለቻቸው።

ሼሁ አሰብ አደረጉ። "ሳያውቅ ከሆነ የለበትም። የእሱ ኒያ፣ የልቡ ሐሳብ፣ መልካም ነበረች።" ከዚያ ዓይናቸውን እሷ ላይ አደረጉ። ዮኒስን ቀብረውታል፤ ብርካውንም ያውቁታል። "የሚያሳስበው የሞተው አይደለም ልጄ። ያወቀ ሰው ካወቀበት ቀን ጀምሮ ይጠየቃል።"

በማግስቱ ጠዋት ካፊያ የማር ብልቃጥ አጥባ ከብርካው ቀዳችበትና በሻሿ ሸፍና ወደ ከዚራ ወረደች። የሙስአብ ቡድን እዚያ ካሉት የድሮ የባቡር ዘመን ቤቶች በአንዱ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይሠራል። ዛፎቹ መንገዱን እንደ ጣራ ከድነውታል፤ ጥላው ውስጥ ስትራመድ ብልቃጡ በጉያዋ ከበዳት። ሙስአብ በር ላይ አግኝቷት ወዲያው አላስታወሳትም። ብልቃጡን ሰጠችው።

"ከእኔ ብርካ ነው" አለችው። "ደርቋል ያልኩህ። አልደረቀም። ሙሉ ነበር፤ ያን ቀንም ሙሉ ነበር።"

ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስቶ ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ "ግቢ፣ ተቀመጪ" ብቻ አላት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

እጮቹ ወደ ትንኝነት እስኪለወጡ ድረስ የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች በርግጠኝነት እንደማይታወቅ ነገራት። በመረብ የተሸፈነ ሳጥን ውስጥ አስገባቸው። በዘጠነኛው ቀን ደወለላት። ስትደርስ ማይክሮስኮፑን አስተካክሎ "አንድ ዓይንሽን ጨፍኚና እዪ" አላት።

ካፊያ በሕይወቷ ትንኝን ከጭብጨባ ያለፈ አስባላት አታውቅም። አሁን ያየቻት ግን የተሠራች ነገር ነበረች። ክንፏ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ተራ በተራ ተደርድሯል፤ እግሯ እንደ ክር ቀጥኖ ነጭ ቀለበት ገብቶበታል። ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥለት ቢመጣ ሴቱ ይሻማበት ነበር ብላ አሰበች፤ አስባም ራሷን ጠላች።

"እሷው ናት" አለ ሙስአብ። "ባሕር ተሻግራ የመጣችው።"

ካፊያ ቀና ብላ ለቀናት ስታመላልሰው የከረመችውን አወጣችው። "የጎረቤቴን ልጅ የነከሰቻት ከእኔ ብርካ የወጣች ናት?"

"እሱን ማንም ሊነግርሽ አይችልም። የእናንተ መንደር ጀርባ ግንባታ አለ፤ እዚያም አግኝተናል። ሌላ ሰባት በርሜል ላይ አግኝተናል። ልትሆን ትችላለች፤ ላትሆንም ትችላለች።"

"ያን ቀን እውነቱን ብነግርህስ ኖሮ?"

ሙስአብ ጭልፋውን ከጠረጴዛው አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። "በዚያው ቀን መድኃኒት እንጨምርበት ነበር" አለ በመጨረሻ። "አልዋሽሽም ኤዶ።"

ካፊያ ከከዚራ እስከ ሳቢያን በእግሯ ሄደች። ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፏት አልሰማቻቸውም። ቤቷ አልገባችም፤ በቀጥታ ሃዎ ግቢ ገባች። ሃዎ ልብስ እያጠበች ነበር። ዊዳድ ወደ ሥራ ከተመለሰች ሁለተኛ ቀኗ ነው።

"አባዮ" አለች ካፊያ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ቆማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ብርካው ላይ ያየችውን፣ በማጥለያ ስትጨልፍ የከረመችውን፣ ማይክሮስኮፑን። ሃዎ የያዘችውን ቀሚስ ስትጨምቅ፣ ስትጨምቅ ቆየች፤ ጠብታ ከቆመ በኋላም መጭመቋን አልተወችም።

"ጨረስሽ?" አለች።

"ጨረስኩ።"

"ያን ቀን ስትዋሺ አጠገብሽ ቆሜ ነበር።" የሃዎ ድምፅ ቀጭን ሆነ። "አፌን ብከፍት ነገሩ ያበቃ ነበር። ልጄ አጥሩ ሥር እንደምትተኛ እያወቅሁ፣ ውሃዬ እንዳይዘጋብኝ ብዬ ዝም አልኩ። እሱን እያሰብኩ ነው የከረምኩት። አንቺን ልርገም ብዬ አፌን ስከፍት ራሴን ነው የማገኘው።"

ካፊያ ወደ እሷ አንድ እርምጃ አለች። ሃዎ እጇን አነሳች።

"አትምጪ። አሁን ፊትሽን ማየት አልችልም፤ ሂጂልኝ። ለዊዳድም እኔ አልነግራትም። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት።"

ለዊዳድ በዚያው ሳምንት ነገረቻት፤ ከፋብሪካው ሰርቪስ ስትወርድ ጠብቃ። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከአንድ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችና "እሺ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታገኛት "ሰላም ነሽ ካፊያ" ነው የምትላት። በወሩ ከካሂን ጋር ወደ ለገሃሬ ሰፈር ቤት ቀየሩ።

ሙስአብና ጓደኞቹ መጥተው ብርካው ላይ መድኃኒቱን ጨመሩ። ካፊያ በያጅ አስመጥታ ሙሉ አፉን የሚገጥም የላሜራ ክዳን አሠራች፤ ለአየር የተተወውንም ቀዳዳ በደቃቅ ወንፊት አስጋጠመችው። ያም ሆኖ ግማሹ ሰው መቅዳት ተወ። ዳሃቦ የምትባለው የማዶ ጎረቤት በሕዝብ ፊት "ሰደቃ ነው ስትሉን የከረማችሁት መርዝ ነበር?" ስትል ካፊያ ጥላት ሄደች። ስለ ራሷ ቢሆን ትችለው ነበር። ዳሃቦ ግን "ከረማችሁት" ነው ያለችው፤ ዮኒስንም ጨምራ።

ትኩሳቱ በዚያ በጋ በብዙ ቤት ገባ። ቡድኑ ሰው አነሰው፤ በሱማሌኛ የሚያስረዳም ፈለገ። ሙስአብ ካፊያን ጠየቃት። ከሰዓት በኋላ ሱቋን እየዘጋች ነጩን ጭልፋ ይዛ ከበር በር መዞር ጀመረች። ሰው "ውሃ የለንም" እያለ በሩን ይዘጋባታል፤ እሷ ከግድግዳው በላይ የሮቶውን አናት እያየች። መጀመሪያ ላይ ስለ ሽታ የለሹ ዱቄት፣ ስለ ንጹሕ ውሃ ታስረዳ ነበር፤ የሚሰማት አልነበረም። አንድ ቀን አንዲት ሴት በሩን ልትዘጋባት ስትል ካፊያ ደከማትና "እኔም ደርቋል ብዬ ዋሽቼ ነበር" አለቻት። ሴትየዋ ቆመች። "ከዚያስ?" አለች። ካፊያ የሆነውን ነገረቻት። በሩ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በየደጁ የምትናገረው ይህንኑ ነው። በተናገረችው ቁጥር ይቀልላታል ያለ ሰው ካለ ተሳስቷል።

ሃዎ ለአራት ወር አላናገረቻትም። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ምንም ሳትል ባልዲዋን ይዛ ገባች፤ ክዳኑ ከብዷት ካፊያ አገዘቻት። ቀድታ ስትወጣ "ካሂን አሞታል፣ እሱንም ወባ ነው አሉት" አለች። ከዚያ ወዲህ ይነጋገራሉ። እንደ ድሮው ግን አይሳሳቁም።

በዓመቱ፣ እንደገና በጋ ሲሆን፣ የካፊያ ስልክ ጮኸ። ዊዳድ ነበረች። ነፍሰ ጡር እንደሆነች አልተናገረችም፤ ካፊያ ከሃዎ ሰምታለች። "ለገሃሬ ስትመጪ ወደ እኛ ብቅ በይ" አለቻት። "በርሜላችንን እንድታዪልኝ ነው።"

ካፊያ በዚያው ቀን ሄደች። ግቢው ጠባብ ነው፤ በርሜሉ በሩ ሥር ቆሟል፣ ክዳኑ አንድ ጎኑ ጎብጧል። ዊዳድ ሆዷን በእጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆመች። ካፊያ ጨልፋ ወደ ፀሐዩ አዘነበለች። ሁለት ናቸው፤ ተጋድመዋል።

ዊዳድ አንገቷን አስግጋ አየች። "እነሱ ናቸው?"

"እነሱ ናቸው።"

"መድኃኒቱ አለሽ?"

ካፊያ ቦርሳዋን ከፈተች። ትናንት ጨርሳው ኖሯል፤ አዲሱ ደግሞ ገና አልመጣም። ነገረቻት። ዊዳድ ትንሽ አሰበችና በርሜሉን በአንድ ጎን ያዘች። ካፊያ "አንቺ ተዪው፣ አትንኪው" ብላ አስለቀቀቻትና ብቻዋን አዘነበለችው። ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ፣ የሳምንት ውሃ፣ በደረቁ መሬት ላይ ፈሰሰና ወዲያው ተመጠጠ።

"ቧንቧው ሐሙስ ነው የሚመጣው" አለች ዊዳድ ባዶውን በርሜል እያየች። ቀኑ እሑድ ነበር።

"ጄሪካን ስጪኝ፣ ከብርካው ልቅዳልሽ" አለች ካፊያ።